ባለ ሬዲዮውን ማን ጠቀሰው?

የገዛ ቃላችሁ ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ፣ እንደ አዲስ ነገር ለእናንተው ተነግሯችሁ ያውቃል? እኔ ደርሶብኛል። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ሰቆጣ ውስጥ መምህራንና የየመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች አንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ከአንድ የልማት መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ ብድግ አለና፣ «በተደረገ ጥናት መሠረት፣ የሬዲዮ መልእክት የት እንደደረሰ ማወቅ የፈለገ ሰው ሬዲዮውን ሳይሆን፣ ከሬዲዮው አጠገብ ተነሥቶ የሚሄደውን ሰው መከተል አለበት» አለ። አጠገቤ የነበረችው አስተማሪ «ጥሩ አባባል ነው» ብላ ጻፈችው። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አጥኚ ጋር ፃግብጂ ከሚባል የገጠር አካባቢ ስንመለስ፣ እግሬ ተላልጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በብስጭት የተናገርኩት ነው።

ለሻይ ስንወጣ ባለሙያውን ያዝኩት።

«ያን ነገር ከየት አገኘኸው?»

«ከጥናት ነዋ!»

«ከየትኛው ጥናት?»

«ከተደረገው ጥናት!» አለና ሳቀብኝ። «አንቺ አስተማሪ፣ ምነው እንደ መርማሪ ወጥረሽ ያዝሽኝ? ሻይሽን ጠጪ።»

ሻዬን ጠጣሁ፤ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። በትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ ቃል ከድንጋይ ላይ ተነሥቶ አዳራሽ እስኪገባ በየት በየት አለፈ? ማስረዳት እንደምወድ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉና፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ በደረስኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ። ኮሌጅ ውስጥ ጋዜጠኝነት ያስተምራል፤ ጥናቱ ደግሞ ስለ መገናኛ ብዙኃን ነው። ይዞት የመጣው ጥያቄ ቀላል ነበር። ሬዲዮ የሚናገረው በአማርኛ ነው። በዋግ ኽምራ ገጠር ግን ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያወራው በኽምጥኛ ነው። ታዲያ ሬዲዮ ስለ ክትባት ወይም ስለ ምርጥ ዘር ሲናገር፣ ነገሩ እቤት የሚገባው በማን በኩል ነው?

ርዕሰ መምህራችን እኔን ጠርቶ፣ «የጂኦግራፊ አስተማሪ ነሽ፤ አገሩን አሳይው» አለኝ። እኔ ራሴ ከገበያውና ከትምህርት ቤቱ በቀር አገሩን አላውቀውም ነበር። ቢሆንም የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ስለነበርን ደስ እያለኝ አብሬው ወጣሁ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «አንቱ» ስለው ይቆጣል። «ሽበት ሳላወጣ አታስረጂኝ፤ አንተ በይኝ» ይላል። የአገሩ ሰው ግን ወዲያው ስም አወጣለት። ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥላትን መቅረጫ ቴፕ ሬዲዮ መስላቸው፣ በየደረስንበት «እስቲ ክፈተው፣ ዜና እንስማ» ይሉታል። እሱም ቀድሞ የቀረጸውን የሌላ ሰው ድምፅ ሲያሰማቸው፣ «ይሄ ምኑ ዜና ነው? ይሄ የማዶው ሰውዬ ነው!» ብለው ይስቃሉ። በዚህ የተነሣ «ባለ ሬዲዮው» ሆኖ ቀረ።

ፃግብጂ ውስጥ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነበር። ባለ ወፍጮው ሬዲዮውን ከሞተሩ ጩኸት ለማራቅ ከቤቱ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሰቅሎታል። ሴቶቹ እህላቸውን አውርደው ተራቸው እስኪደርስ እዚያው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዲት ጠና ያሉ እናት ነበሩ። በልጅነታቸው ወልዲያ ኖረው ስለተመለሱ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ሬዲዮው ተናግሮ ትንሽ ሲያርፍ እሳቸው ወደ ኽምጥኛ ይመልሱታል። እኔ ኽምጥኛ ስለማልችል የሚሉት አይገባኝም፤ ግን አንድ ነገር እየተደጋገመ ሲመጣ አስተዋልኩ። እናትየው ሲናገሩ ሴቶቹ በመሃል ያቋርጧቸዋል፤ እሳቸውም እጃቸውን አንሥተው አየሩን እንደ መቁረጥ ያደርጋሉ።

«ምን እያሉዎት ነው የሚያቋርጡዎት?» አልኳቸው።

«'ይህን ያለው ሬዲዮው ነው ወይስ አንቺ?' ይሉኛል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«'እስከዚህ ሬዲዮው፣ ከዚህ ወዲያ እኔ' እላለሁ። አለዚያ ነገ ዱቄቱ ሲነቅዝ 'አንቺ ነሽ ያልሽን' ብለው ይመጡብኛል። ሬዲዮውን ማን አግኝቶ ይጣላዋል?»

ባለ ሬዲዮው ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን ዘለለ። ለካ በዚያ አካባቢ ወሬ የሚያቀብል ሰው የሰማውን ከራሱ ሐሳብ ለይቶ እንዲናገር ግዴታ አለበት። ካልለየ ቀስ በቀስ የሚሰማው ያጣል። ጥናቱ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፦ የአንድ ሬዲዮ አድማጭ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን፣ አቀባዩ የሚደርስበት ቤት ሁሉ ነው።

ወደ ሌላው የጥናቱ አካባቢ፣ ወደ ሰሃላም መሄድ ነበረብን። መንገዱ የእግር ስለሆነ በቅሎ ተከራየን፤ በቅሎዋ ገና ጉዞ ሳይጀመር አነከሰችና ቀረን። ስለዚህ የሰሃላን ሰዎች ያነጋገርናቸው ሰቆጣ ገበያ ሲመጡ ነው። በእነሱ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነበር። ወሬውን ሰምተው ወደ ቤት የሚያደርሱት ከገበያ የሚመለሱት ወንዶች ናቸው። ባጭሩ፣ በፃግብጂ አቀባዮቹ ሴቶች፣ በሰሃላ ወንዶች። የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሰውየው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ጥናቱም በኮሌጁ መጽሔት ታተመና አንድ ቅጂ በፖስታ ላከልኝ። ድንጋይ ላይ የተናገርኩትም ያለ ስም ገብቶበታል፤ መጨረሻው ላይ ግን «አንዲት የሰቆጣ መምህርት» ተብዬ ተመስግኛለሁ። ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኩና መጽሔቱን ሣጥኔ ውስጥ አኖርኩት።

ከስብሰባው ትንሽ ቆይቶ፣ አንድ ረፋድ ላይ የትምህርት ቤቱ ስልክ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ጠራኝ። ባለ ሬዲዮው ነበር።

«የማዕረግ እድገት ጠይቄ ነበር፤ ኮሚቴው መለሰብኝ» አለኝ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ለምን?»

«ጥናትህ ያመጣው ነገር አይታይም ነው የሚሉት። ማን ጠቀሰው? ከማን ጋር ሠራኸው? ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ የጠቀሱኝን ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ እኔው ነኝ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ሁለተኛ ጊዜ ከመለሱብኝ እተወዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ግንኙነት ይፈልገኛል። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ አነሣለሁ፤ ደመወዙም ይሻላል። ግን ከዚያ በኋላ ማጥናት የለም።»

«እዚህ እኮ ሁሉም ሰው ጥናትህን ይናገረዋል! ባለፈው ስብሰባ ላይ …»

«ይናገረዋል ወይስ ይጠቅሰዋል?»

አሰብ አደረግሁ። «ይናገረዋል።»

«እሱ አይቆጠርም» አለ። «እስቲ ፈልጊልኝ። ስሜ በወረቀት ላይ ያለበት አንድ ቦታ።»

መጥቀስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። ምድጃችሁ ጠፍቶ ከጎረቤት እሳት ብትጭሩ፣ ማታ ራቱን ስታቀርቡ «እሳቱን የጫርኩት ከእነ እገሌ ቤት ነው» ማለት መጥቀስ ነው። የኮሚቴው ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ እንጨቱን ከማን ጋር ለቀማችሁ የሚል ነው፤ ተባባሪ የሚባለው እሱ ነው። ኮሚቴው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች የአንድን ሰው ሥራ ሊመዝን ይፈልጋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኔም በፈተና ወረቀት ተማሪዎቼን እመዝናለሁና አልፈርድበትም።

ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ቀን ሁሉ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁላችንም በመልክ እንተዋወቃለን፤ ያለፉትን ዓመታት ሪፖርት ለአስተማሪ ማሳየት የሚከብደው ሰው አልነበረም። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስሄድ ደስታዬ እየጨመረ፣ ተስፋዬ ደግሞ እየቀነሰ ሄደ። ደስታዬ፣ ጥናቱ በየቦታው ስለነበረ ነው። አቀባይ የሚለው ቃል አለ፤ ወፍጮ ቤቱ አለ፤ የእኔ የድንጋይ ላይ ንግግር እንኳ በሁለት ቦታ አለ። ተስፋዬ የቀነሰው ደግሞ የሰውየው ስም አንድም ቦታ ስላልነበረ ነው። ሁሉም የሚጀምረው «በተደረገ ጥናት መሠረት» ብሎ ነው። ማን እንዳደረገው፣ የት እንደታተመ፣ ምንም።

ያንን የስብሰባ ባለሙያ ቢሮው ድረስ ሄጄ አፋጠጥኩት።

«የሰውየውን ስም ለምን አልጻፍክም?»

«የማን ስም?»

«ጥናቱን የሠራው!»

«አንቺ፣ ስም ብጽፍ ኃላፊው 'ይህ ደግሞ ማነው? ዘመድህ ነው?' ይለኛል። ስም የሌለው ጥናት የሁሉም ነው፤ ማንም አይጣላውም።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ደግሞስ እንጀራ ስትበዪ የገበሬውን ስም ጠርተሽ ነው የምትጎርሺው?»

«እንጀራ ስበላ አልጠራም። ዘር ስትገዙ ግን ከማን ማሳ እንደመጣ አትጠይቁም?»

«ዘርማ ይጠየቃል» አለ። «ዘር ካልበቀለ ሰው መያዝ አለበት።»

«እንግዲያው?»

«እንግዲያውማ አስተማሪ ሆነሽ የማታሸንፊው የለም። ያውልሽ ሪፖርቱ፣ እዚያ ተቀምጠሽ አንብቢ።»

እዚያው ተቀምጬ ሳነብ ነው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው። ሪፖርቱ «በሰሃላ የሬዲዮ አቀባዮች ሴቶች፣ በፃግብጂ ወንዶች መሆናቸው ተረጋግጧል» ይላል። ተገልብጧል። ባለሙያው ሲቀዳ ተሳስቷል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰው በጻፈው ሪፖርት፣ ያው ግልባጭ ነገር። በሦስተኛውም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ወደ ቤቴ ሮጥኩ ማለት እችላለሁ። ሣጥኔን ከፍቼ መጽሔቱን አወጣሁ። ጽሑፉ ልክ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ግን የሁለቱ አካባቢ ስሞች ቦታ ተለዋውጠዋል። መተየቢያው ላይ የተፈጠረ ስህተት መሆን አለበት። እኔ በጊዜው ጽሑፉን እንጂ ሠንጠረዡን ልብ ብዬ አላየሁትም። የቢሮ ሰው ደግሞ የሚያነበው ሠንጠረዡን ነው።

እዚህ ላይ አስተማሪ መሆኔ ጠቀመኝ። ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ጥያቄ ያንኑ ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ምንም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም አጥንተው ይሆናል። ሁለቱም ያንኑ የተሳሳተ መልስ፣ ያውም ማንም ሊያስበው የማይችለውን፣ ከጻፉ ግን ጎን ለጎን ነበር የተቀመጡት። ስለ ፃግብጂ ወፍጮ እውነቱን ማንም ሄዶ ሊያገኘው ይችላል። የሰሃላና የፃግብጂ መገልበጥ ግን ከአንድ ሠንጠረዥ በቀር የትም አይገኝም። ቢሮዎቹ ስሙን አልጻፉም፤ ስህተቱን ግን ጽፈውታል። ይህ ከስም የበለጠ ማስረጃ ነው ብዬ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ደስታዬ እስከ ገበያ ቀን ነው የቆየው። እኒያን የወፍጮ ቤት እናት ሽንኩርት ተራ አጠገብ አገኘኋቸው። ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው አገላብጠው ሳሙኝና፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«ልጄ፣ እኛ የፃግብጂ ሴቶች ጆሯችን ተቆርጧል ተባለ እንዴ?»

«ምነው እናቴ?»

«በእጅ የሚጠመዘዝ ሬዲዮ መጣ አሉ፣ የባትሪ ድንጋይ የማይፈልግ። ወሬ ለሚያቀብሉ ሴቶች ተብሎ። ለማን ሰጡት? ለሰሃላ! የሰሃላን ሴት ወሬ ታቀብያለሽ ብሎ ማን ጠየቃት?»

መልሱን አወቅኩት። «ወረቀት ላይ ስህተት ተፈጥሮ ነው» አልኳቸው።

«ወረቀት እጅ የለውም። የጻፈው ሰው ነው። ባለ ሬዲዮው ነው?»

«አዎ … የሱ ጽሑፍ ላይ ነው።»

«እንግዲያው እንዲህ በይው። ከእኔ አፍ የወሰደውን ለሌላ አፍ ሰጥቷል። ይመልስልኝ።»

ከገበያው ዳር የሰሃላ ሰዎች በሚቆሙበት በኩል አንድ ሰው አየሁ፤ አዲስ ሬዲዮ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዙሪያውን ሰው ከቦታል።

«ሬዲዮው የማን ነው?» አልኩት።

«የባለቤቴ ነው። ለሴቶች ተብሎ ነው የተሰጠው።»

«ታዲያ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«እሷ ገበያ አትወጣማ! እሷ ትጠመዝዝልኛለች፣ እኔ ሰምቼ እነግራታለሁ።» የከበቡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በተሳሳተው ሠንጠረዥ የሄደው ሬዲዮ ትክክለኛውን መልስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተመልሶ መጥቷል፤ በሰሃላ አቀባዩ አሁንም ወንዱ ነው።

ስልክ ደወልኩና ያገኘሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኩት። መጀመሪያ ስለ ሪፖርቶቹ፣ ቀጥሎ ስለ ሠንጠረዡ፣ መጨረሻ ስለ እናትየው።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለ። «ስህተቱን ካላሳየሁ ጥናቴን እንደተጠቀሙበት የማስረዳበት መንገድ የለኝም። ካሳየሁ ደግሞ የተሳሳተ ጥናት ይዤ እድገት የምለምን ሰው ነኝ። የትኛውን ነው የምትመክሪኝ?»

«እኔ እንጃ። እናትየው ግን ይመልስልኝ ብለዋል።»

«ኮሚቴው ላይ አልተቀመጡም እኮ እሳቸው።»

«አልተቀመጡም። ወፍጮው ጋ ነው የተቀመጡት» አልኩት። ትንሽ ሳይከፋው አልቀረም፤ ስልኩን ቶሎ ዘጋ።

በሳምንቱ ግን በወልዲያ በኩል በአውቶቡስ አቧራ ለብሶ መጣ። በገበያ ቀን እናትየውን ትምህርት ቤት ጋብዘን፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። እሱ መጽሔቱን ዘርግቶ የተገለበጡትን ስሞች በጣቱ አሳያቸው። ማንበብ ባይችሉም አጎንብሰው አዩት።

«ይህች ናት?»

«ይህች ናት።»

«ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም» አሉ። «ይህች ናት ሬዲዮ ተሸክማ ሰሃላ የሄደችው?» ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ስትጽፍ እስከየት የእኔ፣ ከየት ወዲያ የአንተ እንደሆነ ለይተሃል?» ብለው ጠየቁት።

አልለየም ነበር። ጽሑፉ ውስጥ እሳቸው «መረጃ ሰጪ» ናቸው፤ እኔ «አንዲት መምህርት» ነኝ። ቢሮዎቹ ለእሱ ያደረጉትን እሱም ለእሳቸው አድርጎ ነበር ማለት ነው። ይህን እኔ አላልኩትም፤ እሱ ራሱ ነው ቀስ ብሎ ያለው። ከዚያ ወረቀት አወጣና አጭር እርማት መጻፍ ጀመረ። ሠንጠረዡን አቃና። በሰሃላ ሬዲዮ ላይ ያየሁትን እኔ እንድጽፈው አደረገ። የሬዲዮውና የአቀባዩ ቃል ተለይቶ ስለሚነገርበት ልማድ ያለው ክፍል የእናትየው ቃል መሆኑን በግልጽ አሰፈረ። ላይኛው መስመር ላይ ሦስት ስም ጻፈ።

«የእኔ ስም እዚያ ገብቶ ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

«ስህተት ከተገኘ አብረን እንያዝበታለን» አላቸው።

«ተው! እኔማ የምያዘው በእኔው በኩል ላለው ነው። በአንተ በኩል ላለው አንተ ትያዛለህ» አሉና ተስማሙ።

እርማቱ ለመጽሔቱ ተላከ። እሱም ሪፖርቶቹን፣ ስህተቱን በቀይ አስምሮ፣ ከእርማቱ ጋር ለኮሚቴው አስገባ። ውሳኔው እስኪሰማ ድረስ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከክፍል ወደ ርዕሰ መምህሩ መስኮት አያለሁ፤ ተማሪዎቼም አብረውኝ ያያሉ።

በመጨረሻ ደወለ። «አለፍኩ» አለኝ፤ «ለጥቂት።» ስብሰባው ተካሮ ነበር አሉ። አንዱ አባል ስም የሌለበት ጥቅስ ጥቅስ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ እውነቱን ማንም ሊያገኘው ይችላል፣ ይህን ስህተት ግን ከዚህ ሰው በቀር ከየትም ሊያገኙት አይችሉም ብላ ተከራከረች። ከዚህ በላይ የገረመኝ ግን ነጥቡ ነው። ከተማውን ሙሉ ዞሬ ያገኘኋቸው ሪፖርቶች በነጥብ መስጫው ላይ ዜሮ ነው የተሞላላቸው፤ የሚሞሉበት ቦታ የለም። ነጥብ የተሰጠው ለአጭሯ እርማት ነው፤ ሦስት ሰዎች አብረው የሠሩት ተብሎ።

«ስለዚህ ያዳነኝ ስህተቴ ነው ወይስ እርማቴ?» አለኝ።

«ሁለቱንም ለይተህ ጻፋቸው» አልኩት። ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ «ስልኩን ልቀቂልኝ፤ ወረዳ ልደውል ነው» እያለ ይወተውተኝ ነበር።

እኔም እርማቱን በእጄ ገልብጬ ለየቢሮው አደልኩ። ያ ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱ ላይ የሦስታችንንም ስም ጽፎ አሳየኝ። «ኃላፊው 'እነዚህ እነማን ናቸው?' ቢለኝ 'አስተማሪዋን ይጠይቋት፣ እስኪሰለችዎ ታስረዳዎታለች' አልኩት» አለኝ። ከክረምቱ በኋላ ፃግብጂ ወፍጮ ቤት ሁለት የሚጠመዘዙ ሬዲዮዎች ደረሱ። እናትየው አንዱን ለባለ ወፍጮው አልሰጥም ብለው እንደተጣሉ ሰምቻለሁ።

አሁንም ድረስ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። የአንድ ሰው ሥራ ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳየው የቱ ነው? ስሙ ያለበት ወረቀት ወይስ ስሙ የሌለበት አፍ? ኮሚቴው የሚቆጥረው ሊቆጠር የሚችለውን ነው፤ አልወቅሰውም፤ እኔም ብሆን ተማሪው ለእናቱ ላስረዳው ትምህርት ነጥብ ልሰጥበት አልችልም። ግን ማወቁ ያጓጓኛል።

ስለዚህ እናንተም ሞክሩት። በምትሠሩበት ቦታ ሁሉም ሰው የሚደጋግመውን፣ የማን እንደሆነ ግን ማንም የማያውቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ። ያለውን ሰው «ከማን ሰማኸው?» በሉት፤ እሱ ወደሚጠቁማችሁ ሂዱ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ሲስቁባችሁ አብራችሁ ሳቁ። መንገዱ ከጠፋችሁ ትክክሉን ትታችሁ ስህተቱን ፈልጉ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ የተሳሳቱትን። የመጀመሪያውን ሰው ስታገኙት ደግሞ ያለውን እንዲደግምላችሁ ጠይቁት፤ ምን ያህሉ የእሱ፣ ምን ያህሉ መንገድ ላይ የተጨመረ እንደሆነ እዚያው ለዩለት።